አንድ መስመር ኮድ ጎድላ ሩት ታስደርጋለች?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ኮምፒውተር ሳይንስ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን ሲቪኢ-2016-0728 ስለሚባለው የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ቀዳዳ ነግሮን ፓቹን፣ ማለትም ማስተካከያውን፣ ገብቼ ሳየው የተጨመረችው ከቆጣሪ 1 የምትቀንስ አንዲት መስመር ብቻ ናት። አንድ ቁጥር አለመቀነስ እንዴት ሰውን ሩት (የማሽኑ ሙሉ ስልጣን ያለው ተጠቃሚ) ያደርጋል? ቆጣሪውን 64 ቢት ቢያደርጉትስ አይበቃም ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ ያቺ መስመር እኮ ከ3.8 ቨርዥን ጀምሮ ወደ 3 ዓመት ገደማ ጎድላ የኖረች ናት። ሊኑክስ ላይ ፕሮሰሶች (እየሰሩ ያሉ ፕሮግራሞች) ፓስዎርድና የኢንክሪፕሽን ቁልፍ የሚያስቀምጡበት ኪሪንግ የሚባል ነገር አለ፣ ከርነሉ ደግሞ ኪሪንጉን ስንቱ እንደያዘው ይቆጥራል፣ አንዱ ሲይዘው 1 ይደምራል ሲለቀው 1 ይቀንሳል፣ 0 ሲሆን የሚፈልገው የለም ብሎ ሜሞሪውን ያስለቅቃል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ፕሮሰስ አሁን የያዘውን ያንኑ ኪሪንግ በስሙ ጠርቶ ድጋሚ ሲጠይቅ ነው፣ ከርነሉ ፈልጎ ያገኘውና 1 ይደምራል፣ ከዛ ለካ ድሮም የራሱ ነው ብሎ በጎቱ (ወደ ሌላ መስመር በሚያዘልለው ትዕዛዝ) ዘሎ ይወጣል፣ የደመረውን ግን አይቀንስም። ያየሃት ኪ_ፑት የምትባለው ቀናሽ መስመር የገባችው እዛች መውጫ ላይ ነው።

በዓይንህ ማየት ከፈለክ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ያልተጠገነ ከርነል ጫንና ጥሪውን 100 ጊዜ ደጋግመው፣ ፕሮግራሙን ዝጋና ፕሮክ (ከርነሉ የውስጡን መረጃ የሚያሳይበት ፎልደር) ውስጥ ያለውን የቁልፎች ፋይል ክፈት። ፕሮግራሙ ሞቷል፣ ቆጣሪው ግን 100 ላይ ቁጭ ብሏል።

እስከዚህ የባከነ ሜሞሪ ነው። ግን ቆጣሪው 32 ቢት ስለሆነ 4,294,967,296 ጊዜ ሲደመርበት ልክ እንደ አሮጌ መኪና ኪሎሜትር ዞሮ 0 ይገባል፣ ቀዳዳውን ያገኙት የእስራኤሉ ፐርሴፕሽን ፖይንት ሰዎች በኮር አይ7 ፕሮሰሰር 30 ደቂቃ አካባቢ ነው የፈጀባቸው። 0 ሲሆን ሜሞሪው ይለቀቃል፣ ፕሮሰሱ ግን አሁንም አድራሻውን እንደያዘ ነው፣ አጥቂው እዛው ቦታ ላይ የራሱን ዳታ ይሞላበትና ከርነሉ የኪሪንጉ ፋንክሽን መስሎት የአጥቂውን ኮድ በሙሉ ስልጣን ያስኬድለታል። ሩት የሆነው በዚህ ነው። (ስሜፕና ስማፕ የሚባሉት፣ ከርነሉ የተራ ፕሮግራም ኮድ እንዳያስኬድና ዳታውን እንዳይነካ የሚከለክሉ መከላከያዎች ያሉት ፕሮሰሰር ላይ በጣም ይከብዳል።)

64 ቢት ስላልከው፣ በዛው ፍጥነት ለመሙላት ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ስለሚፈጅ ጥቃቱን ያቆመዋል፣ የማይቀንሰው መንገድ ግን እንዳለ ይቀራልና ሜሞሪው እየባከነ ይቀጥላል፣ ስለዚህ ለኔ ትክክለኛው ጥገና መስመሯ ናት። ለሌላው ያልታየ ስህተት ደሞ በ2017 በ4.11 ቨርዥን ሪፍካውንት_ቲ የሚባል የቆጣሪ ዓይነት ገባ፣ እሱ ከሞላ አይዞርም፣ እዛው ይቆምና ዋርኒንግ ያወጣል። ሜሞሪው ይባክናል እንጂ ሰው ማሽንህን አይወስድብህም፣ ከሁለቱ ሁሌም የመጀመሪያውን ምረጥ።

አንተም ኮድ ስታነብ ቆጣሪ የሚደምር ፋንክሽን ካየህ ከሱ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ሪተርንና ጎቱ በእርሳስ ተከተለው፣ በተለይ ስህተት ሳይፈጠር ቀድሞ የሚወጣውን፣ ይሄኛው የተደበቀው እዛ ነበር።