ዘንጎቹ ይሳባሉ ወይስ ይሳሳባሉ?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ማጠቃለያ በአማርኛ ስጽፍ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፦ «ተለዋዋጭ ዘንጎች በሳቢ ኃይል ሲሳቡ የነጻ ኃይላቸው ለውጥ ይቀንሳል።» ጓደኛዬ አንብቦ «ምንም አልገባኝም» አለኝ። ፊዚክሱ ላይ ችግር ያለ አይመስለኝም። አማርኛው ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ጓደኛዎ እውነቱን ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ግን አንባቢውን ደጋግሞ መንገድ ያስታል። በጣም ከሚያስተው ልጀምር።

«ሲሳቡ» የሚለው ነው። «ተሳበ» ስንል ሳቢ አለ፣ ተሳቢ አለ። ስለዚህ አንባቢው «ማን ሳባቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ማግኔት ይሆን? ወይስ የዕቃው ግድግዳ? እርስዎ የፈለጉት ግን አንዱ ዘንግ ሌላውን፣ ሌላውም አንዱን እንደሚስብ መናገር ነው። ለዚህ አማርኛ ድንቅ መሣሪያ አለው፤ በግሱ ውስጥ አንድ ፊደል ይደግማል። ተገፋ፣ ተገፋፋ። ተያዘ፣ ተያያዘ። ተሳበ፣ ተሳሳበ። አንዲት ፊደል ስትደገም ድርጊቱ የሁለቱም ወገን ይሆናል። «ሲሳሳቡ» ካሉ ደግሞ «በሳቢ ኃይል» የሚለው ትርፍ ነው፤ ይውጣ።

«ተለዋዋጭ» የሚለውም አይሆንም። ተለዋዋጭ መጠኑ ወይም ዓይነቱ የሚቀያየር ነገር ነው። ሒሳብ ላይም የምናውቀው በዚሁ ነው። ዘንጉ ግን ያው ዘንግ ነው፤ ይጎብጣል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። «ተለጣጭ» ብንል ርዝመቱ የሚጨምር ይመስላል፤ ይኼም ሌላ ባሕርይ ነው። «ተጣጣፊ» ይበሉ። ታጣፊ አልጋ የሚታጠፈው ማጠፊያው ላይ ብቻ ነው። ተጣጣፊ ሲባል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የትም ቦታ ሊጎብጥ የሚችል ነገር ይታየኛል። እዚህም የፊደሏ መደገም ሥራዋን ትሠራለች። ርዝመቱን መጥቀስ ግን አይርሱ። ለምሳሌ እንደ ዘንግ ከሚታዩት ረጃጅም ሞለኪውሎች አንዱ የሆነው ዲኤንኤ በ50 ናኖሜትር ርዝመት ቀጥ ያለ በትር ነው ማለት ይቻላል፤ በብዙ ማይክሮሜትር ርዝመት ግን እንደ ክር ይጠማዘዛል። በሕዋሳት ውስጥ የሚገኘው የአክቲን ፕሮቲን ክር በበኩሉ ከ10 ማይክሮሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል።

ወደ «ነጻ ኃይል» እንምጣ። «የስበት ኃይል» እንላለን፤ «የፀሐይ ኃይል»ም እንላለን። በመጀመሪያው የሚጎትት ነገር ነው፣ በሁለተኛው የሚጠራቀም። በዕለት ተዕለት ንግግር ችግር የለውም። በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ግን ሁለቱም ትርጉሞች ጎን ለጎን ገብተዋል፤ አንባቢው የሚስበው ኃይል ራሱ የቀነሰ ይመስለዋል። እኔ ለሁለተኛው «ጉልበት»ን እመርጣለሁ። ጉልበት ይጠራቀማል፣ ያልቃል፣ ይተርፋል እንላለንና። «ኢነርጂ» ቢሉም አልከራከርዎትም፤ አንዱን ከያዙ ግን እስከ መጨረሻው ይያዙት። «ነጻ» የሚለው ይቆይ። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄልምሆልትዝ በ1882 ሲሰይመው «የታሰረ» ከሚለው ጋር አነጻጽሮ ነው፤ የሙቀት መጠን ሳይለወጥ ወደ ሥራ ሊቀየር የሚችለው ክፍል ማለቱ ነበር። ጉልበቱ ግን የዘንጎቹ ብቻ አይደለም፤ ዘንጎቹን፣ ዙሪያቸውን ያለውን ፈሳሽና ሙቀቱን ሁሉ ይመለከታል። ስለዚህ «ነጻ ኃይላቸው» ሳይሆን «የሥርዓቱ ነጻ ጉልበት» ቢባል ይሻላል።

አሁን «የ...ለውጥ ይቀንሳል» የሚለውን እንይ። ነጻ ጉልበት ቀነሰ ማለት አንድ ነገር ነው። የነጻ ጉልበት ለውጥ ቀነሰ ማለት ሌላ ነው፤ ለውጡ ራሱ ትንሽ ሆነ ማለት ነው። «ለውጡ አሉታዊ ነው» ወይም በቀጥታ «ነጻ ጉልበቱ ይቀንሳል» ይበሉ።

ፊዚክሱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአማርኛው ጋር የተሳሰረ ነውና። መሳሳብና መጣበቅ አንድ አይደሉም። ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ሲጣበቁ በመሳሳባቸው ምክንያት ጉልበታቸው ይወርዳል። ግን እንደ ልባቸው መወዛወዝ ያቆማሉ፤ ሊይዙት የሚችሉት ቅርጽ ያንሳል፤ ኢንትሮፒያቸው፣ ማለትም የእነዚህ አማራጮች ብዛት መለኪያ፣ ይቀንሳል። ነጻ ጉልበት ደግሞ ከጉልበቱ ላይ የሙቀት መጠንና የኢንትሮፒ ብዜት ሲቀነስ የሚቀረው ነው። መሳሳቡ ነጻ ጉልበቱን ወደ ታች ይጎትታል፣ የኢንትሮፒው መቀነስ ወደ ላይ ይገፋል። ለግትር ዘንግ የመሳሳቡ ትርፍ ከርዝመቱ ጋር ያድጋል፤ የኢንትሮፒው ኪሳራ ግን ያን ያህል አያድግም። ስለዚህ በጣም ረጅም ከሆነ ደካማ መሳሳብም ያጣብቀዋል። ለተጣጣፊ ዘንግ ግን ትርፉም ኪሳራውም ከርዝመቱ ጋር አብረው ያድጋሉ። ማርዘም ብቻውን አይረዳም፤ ውጤቱን የሚወስነው በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የትኛው እንደሚበልጥ ነው። ሙቀት ሲጨምርም መወዛወዙ ሊያሸንፍና ዘንጎቹ ሊላቀቁ ይችላሉ። ስለዚህ «ሲ»ን በ«ከ» እንተካው፦ «ተጣጣፊ ዘንጎች አጥብቀው ከተሳሳቡ ጎን ለጎን ይጣበቃሉ፤ የሥርዓቱም ነጻ ጉልበት ይቀንሳል።» «አጥብቀው» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተሸክሟል፤ በጥናትዎ ውስጥ በቁጥር ይግለጹት።

ምናልባት ጥናትዎ ውስጥ አንድ ዘንግ ብቻ ሊኖር ይችላል። ረጅም ዲኤንኤ ባለ ሦስት አዎንታዊ ቻርጅ አዮኖች ሲገቡበት በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ቀለበት መሥራቱ የታወቀ ነው። ያኔ «ዘንጉ ይሳሳባል» አይባልም፤ መሳሳብ ቢያንስ ሁለት ይፈልጋል። «የዘንጉ ክፍሎች ይሳሳባሉ» ይባላል።