በሲ ረድፍና ዓምዱ ራን ሲደረግ የሚታወቅ አሬይ

ወንድሜ፣ የረድፍና የዓምድ ብዛት ከተጠቃሚው የሚመጣ አሬይ (የቁጥሮች ሰንጠረዥ) በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በደብል ፖይንተር (የየረድፉን የሜሞሪ አድራሻ በሚይዝ ዝርዝር) የሠራኸው ደግሞ ፍሪ (የያዝከውን ሜሞሪ መልቀቂያው) ላይ ሲደርስ ለምን ክራሽ እንደሚያደርግ ጠይቀሃል።

ችግሩ ያለው ፍሪ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ማሎክህ (ሜሞሪ መጠየቂያው) ላይ ነው። ለረድፎቹ ፖይንተሮች (አድራሻዎች) ቦታ ስትጠይቅ ብዛቱን ያባዛኸው በሳይዝኦፍ ኢንት (አንድ ኢንት፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ በሚይዘው ባይት) ነው፤ በሳይዝኦፍ ኢንት ፖይንተር መሆን ነበረበት። በተለመደው 64 ቢት ማሽን ኢንት 4 ባይት፣ ፖይንተር 8 ባይት ነው። ለ100 ረድፍ 800 ባይት ሲያስፈልግህ የያዝከው 400 ነው፤ ከ51ኛው ረድፍ ጀምሮ የምትጽፈው ያልተሰጠህ ቦታ ላይ ነው። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ማሎክ ለራሱ የሚይዘው መረጃ ይበላሽና ፍሪ ስትል ይወጣል። በ32 ቢት ሁለቱም 4 ባይት ስለሆኑ ያው ኮድ ደህና መስሎ ይሠራል። ከአይነቱ ስም ይልቅ «ሳይዝኦፍ *ሀ» (ሀ የአሬይህ ስም ነው) ብለህ ብትጽፍ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ልኩን ራሱ ያወጣልሃል።

ይህን ብታስተካክልም በደብል ፖይንተር እንድትቀጥል አልመክርህም። 1000 በ1000 ለሆነ አሬይ 1001 ማሎክና 1001 ፍሪ ያስፈልግሃል፤ መሃል ላይ አንዱ ማሎክ ነል (ቦታ አልተገኘም ማለት ነው) ቢመልስ እስከዚያ የያዝካቸውን አንድ በአንድ መልቀቅ ያንተ ሥራ ነው።

ይልቅ ረድፍ ሲባዛ ዓምድ የሚያህል አንድ ብሎክ ያዝ። አንድ ማሎክ፣ አንድ ፍሪ፣ አለቀ። ረ የረድፉ፣ ዓ የዓምዱ ተራ ቁጥር ከሆኑ፣ ዓምድ ደግሞ የዓምዶቹ ብዛት ከሆነ፣ ኢንዴክሱ (በብሎኩ ውስጥ ያለው ቦታ) «ረ * ዓምድ + ዓ» ነው፤ ሦስተኛ አቅጣጫ ካለ «(ረ * ዓምድ + ዓ) * ጥልቀት + ጥ»። ማባዛቱን ግን በኢንት አታድርገው፤ 50,000 በ50,000 ኢንት ከሚይዘው ትልቁ ቁጥር፣ ከ2,147,483,647፣ ያልፋል። ሳይዝ ቲ (ለመጠን የተዘጋጀውን የቁጥር አይነት) ተጠቀም። ዜሮ ተሞልቶ እንዲመጣልህ ከፈለግህ ካሎክ አለ።

በሁለት ቅንፍ መጻፍ ካማረህ ከሲ99 (የሲ ቋንቋ የ1999 ደረጃ) ጀምሮ «ኢንት (*ሀ)[ዓምድ]» ብለህ ዲክሌር አድርገህ ያንኑ አንድ ማሎክ መስጠት ትችላለህ፤ የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ግን ይህን አይቀበልም። በሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ አንድ ቬክተር (ሜሞሪውን ራሱ የሚይዝና የሚለቅ አሬይ) በቂ ነው።

ሉፑ ላይ ዓምዱን ውስጥ፣ ረድፉን ውጭ አድርግ። በአብዛኛው ፕሮሰሰር አንድ የካሽ (ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) መስመር 64 ባይት ነው፤ 16 ኢንት በአንዴ ይመጣልሃል። ብትገለብጠው በትልቅ አሬይ ላይ ከ16ቱ አንዱን ብቻ ተጠቅመህ ሌላ መስመር ትጠብቃለህ።

አሁን ያለህን ኮድ ሳትጥለው በጂሲሲ ወይም በክላንግ ኮምፓይለር አድረስ ሳኒታይዘርንና (የሜሞሪ ስህተት ፈላጊውንና) የዲበግ መረጃን አብርተህ ራን አድርገው፤ ከቦታው ውጭ የጻፍክበትን መስመር በቁጥሩ ያሳይሃል።