ሲደነግጡ «አምላኬ!» ማለት ስሙን መድፈር ነው?

እህቴ፣ ስደነግጥም ስገረምም «አምላኬ!»፣ «ኢየሱስ!» ማለቴ ኃጢአት ይሆን ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። በእኔ እምነት ሁሉም በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

ትእዛዙ ግልጽ ነው። ዘጸአት 20፥7 የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ ይላል። ዘሌዋውያን 19፥12 ደግሞ በስሙ በሐሰት መማልን ስሙን ከማርከስ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ከባዱ ነገር ውሸትን በእግዚአብሔር ስም መሸፈን ነው። ግን እዚያ ብቻ አይቆምም። ጌታ ጸሎት ሲያስተምር መጀመሪያ ያስቀመጠው «ስምህ ይቀደስ» የሚለውን ነው።

መኪና ለጥቂት ስቶሽ ሲያልፍ «ኢየሱስ!» ካልሽ፣ እሱ ጸሎት ነው። አጭር ይሁን እንጂ ጸሎት ነው። ጴጥሮስም ሊሰጥም ሲል የጮኸው «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ» ብሎ ብቻ ነበር (ማቴዎስ 14፥30)። የስልክሽ ባትሪ ሲያልቅ፣ ወይም የሰው ጫማ አይተሽ ሲገርምሽ በዚያው ስም ስትጮኺ ግን ማንን እየጠራሽ ነው? ማንንም ካልሆነ፣ ስሙ የአፍ ማሟሻ ሆኗል ማለት ነው። ይሄ ያሳዝነኛል። በንዴት እንደ እርግማን መወርወሩማ ከዚህም የባሰ ነው።

«ልማድ ነው እኮ፣ ምን ችግር አለው?» የሚሉ አማኞች አሉ። ልማድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሳያስቡት ያመልጣል። ለዚህም ነው ራስሽን አታስጨንቂ የምልሽ። ካመለጠሽ እዚያው «ይቅር በለኝ» ብለሽ እለፊ። ጓደኞችሽንም ቃል እየለቀምሽ አትገሥጪ። ለተራው ድንጋጤ «ወይኔ!» ማለትን ልመጂ፤ ቀስ በቀስ አፍሽ ይለምደዋል።