ጠብመንጃውን ከመሸጥህ በፊት የፊቱን ብሎን ፍታ

ጥያቄው የመጣው ከአላስካ ነው። ጠያቂው ግን የሐዋሳ ልጅ ነው፤ አቶቴ አድጎ አሁን ኮዲያክ ደሴት ላይ ዓሣ ፋብሪካ ይሠራል። ደብዳቤው ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሁለተኛ እጅ ጠብመንጃ ገዛሁ። .338 ዊንቸስተር ማግነም ነው፣ አፈሙዙ 26 ኢንች። ሻጩ ማነጣጠሪያ መነጽር አስሮበት ነው የሰጠኝ። ቦልቱ ሊዘጋ ሲል መጨረሻው ላይ ይከብዳል፤ በመዳፌ መታ አድርጌ ነው የምዘጋው። ተኩሱም አይረጋም። ሁለቱ አንድ ቦታ ያርፉና ሦስተኛው ስንዝር ያህል ወጣ ይላል። አንዴም መነጽሩ ቅንድቤን ፈነከተኝ። በጥቅምት የቡናማ ድብ አደን ፈቃድ ደርሶኛል። ጓደኞቼ ‹ይሄን ሽጠውና አጭርና ኃይለኛ ግዛ› ይሉኛል። ምን ልግዛ?»

የኔ ልጅ፣ ምን ልግዛ የሚለውን ለጊዜው ተወው። ቦልቱ፣ ማለትም ጥይቱን ወደ ፊት ገፍቶ ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ መክበድ የጀመረው መነጽሩ ከታሰረ ወዲህ ነው አይደል? መልስህን ሳልሰማ እወራረዳለሁ። በሽታህ ሁለት ይመስላል እንጂ አንድ ነው። የመነጽሩን መቀመጫ የሚይዙት ብሎኖች ቦታ ተለዋውጠዋል። ረጅሙ ፊት ገብቷል፣ አጭሩ ኋላ ቀርቷል።

በብዙ ጠብመንጃ ላይ የፊት ብሎኑ ቀዳዳ በስቶ የሚወጣው የቦልቱ ጥርሶች ዞረው የሚቆለፉበት ቦታ ላይ ነው። ብሎኑ በአንድ ሚሊ ሜትር ከረዘመ ጫፉ ወደ ውስጥ ብቅ ይልና ጥርሱን ይይዘዋል። ቦልቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ታች ሲዞር ግን እምቢ ይላል። አንተ የጻፍከው ይሄንኑ ነው። የኋላው አጭሩ ብሎን ደግሞ በሁለት ዙር ብቻ ተንጠልጥሏል። .338 ሲራገጥ መቀመጫው ይንሸራተታል፣ ሦስተኛው ጥይት አገር ለቆ ይሄዳል።

ከመንካትህ በፊት አንድ ነገር። ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል አስቀምጥ። ካዝናውን ባዶ አድርግ፣ ቦልቱን አውጣ። ከዚያ ትንሿን ጣትህን መጉረሻው ውስጥ፣ ጥይቱ ለመተኮስ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ውስጥ፣ አስገብተህ ዳስስ። ዓይንህን አትመን። «ባዶ ነው ጋሼ» ተብሎ፣ ጎርሶ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ ጠብመንጃ ሦስት ጊዜ አጋጥሞኛል። ጥይት የጎረሰ ቦልት በመዳፍ እየመቱ መዝጋትም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

አሁን መነጽሩን አንሳና የመቀመጫውን የፊት ብሎኖች ፍታ። ባዶውን ቦልት መልሰህ ዝጋው። እንደ ቅቤ ከዞረ ሌባው ተያዘ። ካልዞረ ጥፋቱ ሌላ ነው፣ ያኔ ለባለሙያ አሳየው። ብሎኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ርዝመታቸውን አስተያይ። አጭሩን ፊት፣ ረጅሙን ኋላ አድርገህ በጣትህ ብቻ አዙር። ከሦስት ዙር በታች የያዘ ብሎን ለእኔ አልያዘም፤ ትክክለኛውን ግዛ። ዘይቱን በአልኮል ጥረግ። ሰማያዊውን የብሎን ማስቲሽ ጠብታ አድርግ፤ ቀዩን አትንካ፣ እሱ በእሳት ካልሆነ አይፈታም። ጥብቀቱ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል። አጭሩን የመፍቻ ጫፍ በሁለት ጣት ይዘህ ማጥበቅ ማለት ነው። በትከሻህ አይደለም።

የብሎኑ ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል። የእነዚህ መቀመጫዎች ብሎን በአብዛኛው የአሜሪካ ልክ ነው፤ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች 48 ጥርስ። በዓይን ሲያዩት የኛን አገር 3.5 ይመስላል። አይደለም። አንድ ጊዜ ከባሌ ደጋ አጋዘን ሊያድን የመጣ እንግዳ ጠብመንጃ አመጡልኝ። አንድ «ባለሙያ» የጠፋውን ብሎን በባጃጅ ብሎን ተክቶት ነበር። ሁለት ዙር ገባለት፣ ከዚያ በጉልበት ነዳው፣ ጥርሱን ሁሉ ላጨው። የተረፈውን ክፍተት በማስቲሽ ሞላው። እንግዳው ሺህ ዶላሮች ከፍሎ የመጣበትን አጋዘን ስቶ ተመለሰ። የአንተም ሻጭ ከዚህ ሰውዬ ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል። የብሎኖቹን ራስ እይ፤ በማይገጥም ካቻቢቴ ተፋቅፍቆ ከሆነ ዝምድናው ተረጋገጠ። መነጽሩን የሚይዘው ቀለበት ርካሽ አሉሚኒየም ከሆነም ጣለው። ለመነጽር የሚያወጣ ሰው ለመቀመጫው ሲሰስት አይገባኝም።

ወደ ግዢው እንምጣ። እኔ ድብ ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ጎሽ ግን አውቃለሁ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ነገር ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ቅርብ ርቀት ላይ መገኘታቸው ነው። የኮዲያክ ትልቅ ወንድ ድብ 680 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ በኋላ እግሩ ሲቆም ከ3 ሜትር በላይ ነው። እንዲህም ሆኖ .338 አያንሰውም። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ጥይት ነው፤ 16 ግራም እርሳስ በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይወረውራል። አላስካ ውስጥ በዚህ ብዙ ድብ ወድቋል። ጓደኞችህ ስለ ርዝመቱ ግን ልክ ናቸው። 26 ኢንች ማለት 66 ሳንቲ ሜትር ብረት ነው። ጥሻ ውስጥ ከቅርንጫፍ ጋር ትታገላለህ።

ስለዚህ ይሄን ጠግነህ ለዘንድሮ ያዘው። ለወደፊት የምትገዛ ከሆነ አፈሙዙ 20 ኢንች የሆነ፣ የማይዝግ ብረት፣ ሰደፉ ከእንጨት ያልሆነ ውሰድ። ያንተ አገር ዝናብና የባሕር ጨው ነው። ጥይቱ .375 ሩገር ቢሆን ደስ ይለኛል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ የድሮውን የ1912ቱን .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ጉልበት አጠር ባለ ጠብመንጃ ውስጥ ያስገባልሃል። እርግጫው ግን ከ.338 ይብሳል። የያዝከውን ከፈራኸው ወደዚህ አትሂድ።

ከጥይቱ ቁጥር ይልቅ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጥፍሩን። ሚስቴ ይህን ወሬ ቡና ላይ ከጀመርኩ ጀበናውን ይዛ ትነሳለች። አንተ ግን ሩቅ ስለሆንክ ታዳምጠኛለህ።

አድዋ በሆነ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1898 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመኑ ፓውል ማውዘር አንድ ቦልት ሠራ። በጎኑ ረጅም የብረት ጥፍር አለው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ የኛ ክብር ዘበኛ ከያዛቸው ጠብመንጃዎች አንዱ የዚህ ዘር ነበር። ጥፍሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጥይቱ ከካዝናው ሲወጣ ቂጡ ተንሸራቶ ጥፍሩ ሥር ይገባል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተይዟል። እናት ልጇን ፒያሳ አስፋልት ስታሻግር አስበው፤ እጁን ይዛ ትወስደዋለች፣ ሐሳቧን ከቀየረች እጁን ይዛ ትመልሰዋለች። ሌላው ዓይነት ቦልት ልጁን ከኋላ ገፍቶ «ሂድ ተሻገር» የሚል ነው። ጥይቱን የሚይዘው መጉረሻው ውስጥ ገብቶ ቦልቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ብቻ ነው።

በሰላሙ ጊዜ ልዩነት የለውም። ድብ ወዳንተ ሲመጣ ግን እጅህ ይንቀጠቀጣል። ቦልቱን ግማሽ መንገድ ትገፋና ትመልሳለህ። በገፊው ዓይነት የመጀመሪያው ጥይት መጉረሻው ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ቦልቱ ሁለተኛ ጥይት ይዞ ይመጣና ከኋላው ይሰነቅረዋል። አለቀ፤ ዱላ ይዘሃል። በጥፍሩ ግን ግማሽ መንገድ ብትመልሰው የያዘውን ይዞ ይወጣል፣ አዲሱን ይጎርሳል። የጥፍሩ ነውር አንድ ነው። የድሮው ዓይነት በእጅ አንድ ጥይት መጉረሻው ውስጥ ጥለህ ቦልቱን እንድትዘጋ አይወድም፤ ጥፍሩ ሊሰበር ይችላል። በካዝናው በኩል አጉርሰው።

ያንተ ገፊ ነው። መፍትሔው ልምምድ ነው። ባሩድም ፈንጂም የሌለው ማለማመጃ ጥይት ገዝተህ ማታ ማታ ቦልቱን እስከ መጨረሻው ሳብ፣ እስከ መጨረሻው ግፋ። ከዚያም በፊት ጣትህን መጉረሻው ውስጥ፣ እውነተኛውን ጥይት ሌላ ክፍል። ደግሜ አልኩት፣ እደግመዋለሁም።

ጓደኞችህ .45-70 ጥይት የሚተኩሰውን፣ በቦልት ሳይሆን ከሥሩ ባለ ማንሻ የሚጎርሰውን ጠብመንጃ ሳያነሱልህ አይቀሩም። አጭር ነው፣ ፈጣን ነው፣ በ50 ሜትር አያሳፍርም። ከ100 በላይ ጥይቱ ቶሎ ይወድቃል። በ1873 እ.ኤ.አ. የወጣ ስለሆነ የዛሬን ጠንካራ ጥይት የማይችል አሮጌ መሣሪያም ገበያ ላይ አለ። ሹል ጫፍ ያለው ጥይትም በቱቦ ካዝናው ውስጥ አይደረደርም፤ የአንዱ ጫፍ የፊተኛውን ቂጥ ይወጋና እዚያው ሊፈነዳ ይችላል።

ቅንድብህን የፈነከተህ መነጽሩ ወደ ኋላ ስለቀረበ ነው። ከዓይንህ 9 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር አርቀው። ጥሻ ስትገባ ማጉያውን ዝቅተኛው ላይ አድርገው። በ100 ሜትር ካስተካከልክ በኋላ ከጠረጴዛው ተነስ። ቆመህ በ30 ሜትር ተኩስ። ድቡ ጠረጴዛ አያመጣልህም።

የወረቀቱን ጉዳይ እዚያው አጣራ። በሕጉ የአላስካ ነዋሪ ካልሆንክ ፈቃድ ያለው መሪ ያስፈልግሃል፤ የአሜሪካ ዜጋ ከሆንክ እዚያ ነዋሪ የሆነ የቅርብ ዘመድም ይበቃል። እኔም እዚህ ፈቃድ ሳላይ የጠብመንጃ ሣጥን አልከፍትም።

የፊቱን ብሎን ስታወጣ ጫፉን በባትሪ እየው። የሚያብረቀርቅ አዲስ ጭረት ካለበት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የቦልቱንም ጥርስ አብረህ አንሳው፤ ጭረቱ ምን ያህል እንደጠለቀ ማየት እፈልጋለሁ። ካሜራውን ከማንሳትህ በፊት ግን ጣትህን አስገባ።