አስቀድሞ መወሰንና የሰው ነጻ ፈቃድ፦ በጅማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በጅማ ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክና ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የምንሰባሰብ ጥቂት ሰዎች የጳውሎስን የሮሜ መልእክት ስናነብ ቆይተን፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ንባባችን ወደ ክርክር ተለወጠ። እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ወስኖ ከሆነ ሰው በፈቃዱ መረጠ ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄያችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡኝ ጠይቄ ነበርና እነሆ መልሻለሁ። ረጅም መልስ የሚሹትን አስረዝሜ፣ በአጭሩ የሚያልቁትንም አሳጥሬአለሁ። የጠያቂዎቹን ስም አልጻፍኩም። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ነገ የማደርገውን ዛሬ ካወቀ ሌላ ነገር ማድረግ እንዴት እችላለሁ? ካልቻልኩስ ለምን እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄህ የማወቅንና የመወሰንን ጉዳይ አንድ ላይ ይዟል። ከማወቅ እንጀምር። አንድን ነገር ማወቅ ያን ነገር እንዲሆን አያደርገውም። እግዚአብሔር ነገ እንደምትዋሽ ቢያውቅ የምትዋሸው እርሱ ስላወቀ አይደለም፤ እርሱ ያወቀው አንተ ስለምትዋሽ ነው። ይህን ኦሪገን በሦስተኛው መቶ ዘመን ተናግሮታል። ነገር ግን ብርቱ ተቃውሞ አለበት፦ እግዚአብሔር ትናንት አውቆታል፤ የትናንት ነገር ደግሞ አይለወጥም፤ እንግዲያስ የነገው ከወዲሁ ተዘግቷል። በ524 ገደማ የተገደለው የሮም ሹም ቦኤቲዮስ እስር ቤት ሆኖ ያሰላሰለው ይህንኑ ነበር። የሰጠው መልስ ለእግዚአብሔር ትናንትና ነገ የለም፤ ዘመንን ሁሉ በአንዲት ያለች ቅጽበት ያየዋል የሚል ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ይህንኑ ሲያስረዳ ከከፍታ ላይ ሆኖ መንገድ የሚመለከትን ሰው አንሥቷል። ለእኛ ከጅሬን ኮረብታ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆሞ መንገደኛውን የሚመለከትን ሰው ማሰብ ይበቃል፤ በመንገዱ ላይ ያለው ፊቱ ያለውን ብቻ ሲያይ እርሱ ፊተኛውንም ኋለኛውንም በአንድ ጊዜ ያያል፤ ማየቱ ግን ማንንም አያስሄድም።

ምሳሌው የሚያገለግለው እስከዚህ ድረስ ነው። እግዚአብሔር ተመልካች ብቻ አይደለምና፤ መንገዱንም መንገደኛውንም የፈጠረ እርሱ ነው፤ እንደምትዋሽ እያወቀም ፈጥሮሃል። ስለዚህ ቅድመ እውቀት የጥያቄህን ግማሽ ይፈታል፤ በዚህ ብቻ ነገሩ ተፈታ የሚሉ ሰባክያን ይቸኩላሉ እላለሁ። የቀረውን ግማሽ ከታች በሮሜ 9 ላይ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ (ከመርካቶ፣ ከአንድ ነጋዴ)፦ ጎረቤታችን በባጃጅ አደጋ ሲሞት ለቅሶ የመጣው ሁሉ “ቀኑ ደርሶ ነው፤ የተጻፈ አይቀርም” እያለ ያጽናና ነበር። ጳውሎስ የሚለው ይህን ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ከተማ ከጳውሎስ ትምህርት ከሚያስቱን ነገሮች ሁሉ ዋናው ይህ ይመስለኛል። ለቅሶ ላይ የሚባለውን አልነቅፍም፤ ሰው ሲያዝን የሚናገረው የሃይማኖት ትምህርት መመዘኛ አይደለም። ይሁን እንጂ ጳውሎስ “አስቀድሞ ወሰነ” ሲል ማን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሞት እየተናገረ አይደለም። በሮሜ 8፥29 የተወሰነው ነገር የልጁን መልክ መምሰል ነው፤ በኤፌሶን 1፥4-5 ቅዱሳን መሆንና ልጅነት ነው። ይህ ለሚሰደዱ ሰዎች የተጻፈ የማጽናኛ ቃል ነው፤ መከራው ከእግዚአብሔር ፍቅር እንደማይለያቸው ያስረዳል። የባጃጁ ፍሬን ለምን እንዳልሠራ ለሚጠይቅ ሰው የተሰጠ መልስ አይደለም፤ ፍሬኑን ያላስጠገነው ሰው ካለ ተጠያቂነቱ እንዳለ ነው።

እግዚአብሔር በሁሉ ላይ ገዢ መሆኑን ይህ አይሽረውም። መግቦቱ ከድንቢጥ ጀምሮ ሁሉን እንደሚመለከት ጌታ ተናግሯል። እድልና ኮከብ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲሰብክ ኮከብ ቆጣሪዎችን አጥብቆ ተቃውሟል፤ የሰው ሥራ በኮከብ ከታሰረ ሕግም ዳኛም ከንቱ ይሆናሉና። የሚያስገርመው ግን የአውግስጢኖስ ነገር ነው። የእግዚአብሔርን ቅድመ ውሳኔ ከአባቶች ሁሉ አጠንክሮ ያስተማረው እርሱ፣ በኮከብ ቆጠራ ላይም ከሁሉ በርትቶ ጽፏል። ማስረጃው መንትዮች ናቸው፦ ያዕቆብና ዔሳው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ኮከብ ተወለዱ፤ ኑሯቸው ግን ፈጽሞ አልተገናኘም። ጳውሎስም በሮሜ 9 የጠራቸው እነዚህኑ መንትዮች ነው።

ጥያቄ (ከአንዲት መምህርት)፦ እንግዲያው ሮሜ 9 ምን ይሁን? ሁለቱ ገና ሳይወለዱ፣ ደግም ክፉም ሳይሠሩ አንዱ ተወደደ፣ አንዱ ተጠላ ይላል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እረፍት አጥቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ እረፍት ያጡት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ አውግስጢኖስም አጥቶ ነበር። በወጣትነቱ ስለ ነጻ ፈቃድ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በ396 ገደማ ግን ሲምፕሊቺያኖስ ስለዚሁ ምዕራፍ ሲጠይቀው ሐሳቡን ለወጠ፤ ሰው የሚያምነው እግዚአብሔር አስቀድሞ ልቡን ስለነካው ነው፣ እምነቱም ራሱ ስጦታ ነው ወደሚለው ደረሰ። በእርጅናው ዘመን ይህን ሲያስታውስ፣ ለሰው ፈቃድ ለመሟገት ቢደክምም የእግዚአብሔር ጸጋ እንዳሸነፈ ጽፏል። የምዕራቡ ክርስትና በአብዛኛው በዚህ መንገድ ሄደ። በዚያው ዘመን የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ምዕራፉን በሌላ መንገድ ተረጎመው፦ እግዚአብሔር የሁለቱን ልብ ወደፊት ምን እንደሚሆን ስለሚያውቅ፣ ሰው ፍጻሜውን እስኪያይ እንደሚጠብቅ እርሱ መጠበቅ አላስፈለገውም።

እኔ ወደ አፈወርቅ አዘነብላለሁ፤ ይሁንና ትርጓሜው የሚቸገርበትን ቦታ አልሸሽግም። ጳውሎስ ምርጫው ከሥራ እንዳይሆን ብሎ ሲያበቃ፣ ነገሩ ለወደደ ወይም ለሮጠ ሳይሆን ለሚምር ለእግዚአብሔር እንደሆነ በቁጥር 16 ይናገራል። ምርጫው ወደፊት በሚታይ መልካም ሥራ ላይ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ “እግዚአብሔር ያዳላልን?” ለሚለው ጥያቄ ሐዋርያው ቀላል መልስ በእጁ ነበር፤ ያን መልስ ግን አልሰጠም። አውግስጢኖስ ይህን አይቷል፤ ማየቱም ትክክል ነው።

በሌላ በኩል የአውግስጢኖስ ተከታዮች የሚዘሉት ነገር አለ። ጳውሎስ የጠቀሰው የሚልክያስ ቃል የሚናገረው ስለ ሁለት ሕዝቦች፣ ስለ እስራኤልና ስለ ኤዶም ነው፤ ከምዕራፍ 9 እስከ 11 ያለው ሁሉ የሚያስጨንቀው ጉዳይም እስራኤል ተጣለችን የሚለው ነው እንጂ ግለሰቦች ከዘላለም ለገሃነም ተመድበዋል የሚለው አይደለም። ጳውሎስ በዚሁ ምዕራፍ በምሳሌ የሚያነሣው ሸክላ ሠሪም ቢሆን በኤርምያስ 18 የተበላሸውን ጭቃ መልሶ ይሠራል፤ ሕዝቡ ከክፋቱ ቢመለስ እግዚአብሔርም ያሰበበትን ክፉ ነገር እንደሚተው እዚያው ተጽፏል። የጳውሎስ ክርክር የሚያርፈው በ11፥32 ነው፦ ሁሉን ይምር ዘንድ ሁሉን በአለመታዘዝ ዘጋ። ዘጠነኛውን ምዕራፍ አንብቦ ከአስራ አንደኛው በፊት መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ሊታወክ ይገባዋል፤ መታወክዎም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። እባክዎ ሦስቱን ምዕራፎች በአንድ ቁጭታ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ፈርዖንስ? ልቡን ያደነደነው እግዚአብሔር ነው።

መልስ፦ ዘጸአት ሁለቱንም ይላል። በምዕራፍ 8 ፈርዖን ራሱ ልቡን አደነደነ፤ እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ አጸና የሚለው በመቅሠፍቶቹ ታሪክ ውስጥ በግልጽ የሚመጣው በምዕራፍ 9 ነው። እርግጥ በምዕራፍ 4 አስቀድሞ ተነግሯል። እምቢ ማለትን የመረጠን ሰው ለእምቢታው አሳልፎ መስጠት ፍርድ ነው፤ በሮሜ 1 ሦስት ጊዜ “አሳልፎ ሰጣቸው” የሚለውም ይህንኑ ነው።

ጥያቄ (ከአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል)፦ ነጻ ፈቃድን ስናስተምር የምንድነው በራሳችን ጥረት ነው የምትሉ ናችሁ ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ግን አነጋገራችን አንዳንዴ ያንን ያስመስላል። በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ቀኖና ያለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 15 እግዚአብሔር ሰውን በፈቃዱ እንደተወው፣ እሳትና ውኃ በፊቱ እንዳኖረለት፣ ወደ ወደደው እጁን እንዲሰድድ ይናገራል፤ ኦሪት ዘዳግም 30 ሕይወትንና ሞትን ያቀርባል። ይህ ግን የፔላግዮስ ትምህርት አይደለም። ሰው ያለ ጸጋ እርዳታ በራሱ ኃይል ጻድቅ ሊሆን ይችላል የሚለው ትምህርት በ418 በካርታጎ ተወግዟል፤ የፔላግዮስ ባልደረባ የነበረው የኬሌስትዮስ ተከታዮችም ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በ431ዱ ጉባኤ ኤፌሶን ተወግዘዋል። ስለዚህ የምሥራቁ ትምህርት ጸጋ ይቀድማል፣ የሰው ፈቃድ ይተባበራል የሚል ነው። ፊልጵስዩስ 2፥12-13 መዳናችሁን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ ብሎ ወዲያው ምክንያቱን ሲሰጥ፣ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና ይላል። ጳውሎስ ሁለቱን “ነገር ግን” ብሎ አላለያያቸውም፤ “ነውና” ብሎ አያያዛቸው።

ጥያቄ (ከአንድ ወጣት ወንጌላዊ)፦ የካልቪንና የአርሚንዮስ ክርክር ከየት መጣ? እኛን ኢትዮጵያውያንን ይመለከተናል?

መልስ፦ ከኔዘርላንድ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የነበረው የተሐድሶ መምህር ካልቪን እግዚአብሔር የሚድኑትን የመረጠው በራሱ ውሳኔ ብቻ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። የላይደን መምህር የነበረው አርሚንዮስ በ1609 ካረፈ በኋላ ተከታዮቹ በ1610 አምስት አንቀጾች አቀረቡ፤ ምርጫው እግዚአብሔር አስቀድሞ ባየው እምነት ላይ የተመሠረተ ነው፣ ጸጋንም መቃወም ይቻላል አሉ። በ1618 እና 1619 የተሰበሰበው የካልቪን ወገን ጉባኤ፣ የዶርት ሲኖዶስ፣ አንቀጾቹን ውድቅ አደረገ። በኋላ በእንግሊዝ ጆን ዌስሊ የአርሚንዮስን ወገን ሲይዝ፣ ወዳጁ ጆርጅ ዋይትፊልድ የካልቪንን ያዘ። በአገራችን ያሉ ጴንጤቆስጤያውያን ስሙን ሳያነሡ በአብዛኛው ወደ አርሚንዮስ ይቀርባሉ። መካነ ኢየሱስ የሉተር ቅርስ ያላት ናት፤ በ1974 የተዋሐደቻት የምዕራብ ኢትዮጵያዋ ቤቴል ግን የፕሬስቢቴሪያን፣ ማለትም የካልቪን ልጅ ነበረች። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸውን ወጣት ተከራካሪዎች ቢያስቡበት መልካም ነው። ሉተራውያንም የስምምነት ቀመር በሚባለው በ1577ቱ የእምነት መግለጫቸው ለመዳን ስለተደረገ ምርጫ ብቻ ያስተምራሉ፤ ለጥፋት የተወሰነ ውሳኔ አለ አይሉም።

ካቶሊካውያንም ከዚህ አላመለጡም። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆነው ሞሊና በ1588 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እግዚአብሔር እያንዳንዱ ሰው በየትኛውም ሁኔታ ውስጥ ቢሆን በነጻነቱ ምን እንደሚመርጥ ያውቃል ብሎ አስተማረ፤ የዶሚኒካን ማኅበር መምህራን አጥብቀው ተቃወሙት። ለዓመታት ሮም ላይ ከተከራከሩ በኋላ ጳጳሱ ጳውሎስ 5ኛ በ1607 ለማንም ሳይፈርዱ ጉዳዩን ዘጉት፤ አንዱም ሌላውን መናፍቅ እንዳይል አዘዙ። በእኔ ግምት ይህ ከዶርት የተሻለ አስተዋይ ውሳኔ ነበር።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረቦቼ ሙስሊሞች ናቸው፤ ስለ ቀደር፣ ማለትም ስለ አላህ ቅድመ ውሳኔ፣ ሲናገሩ እኛ የምንለውን የሚሉ ይመስለኛል። ልዩነት አለው?

መልስ፦ በሱኒ እስልምና በቀደር ማመን ከእምነት መሠረቶች አንዱ ነው፤ ሙስሊሞችም ሙዕተዚላና አሽዓሪ በሚባሉ የነገረ መለኮት ወገኖች መካከል ስለ ሰው ነጻነት ብዙ ተከራክረዋል። ስለ እነርሱ ትምህርት እኔን ሳይሆን ሸኾቻቸውን ጠይቅ፤ ቡና ላይ የሚወራው ግን በእነርሱም በእኛም ቤት ከመጽሐፉ ይልቅ የአገር ተረት ነው።

ጥያቄ፦ ይሁዳ ባይክድ ኖሮ እንዴት እንድን ነበር? ታዲያ ምን ጥፋት አለበት?

መልስ፦ ጌታ በማቴዎስ 26፥24 የሰው ልጅስ ስለ እርሱ እንደተጻፈ ይሄዳል፤ ነገር ግን አሳልፎ ለሚሰጠው ወዮለት ብሏል። ጴጥሮስም በሐዋርያት ሥራ 2፥23 በእግዚአብሔር በተወሰነ አሳብ ተሰጠ ብሎ ሳይጨርስ “እናንተ ገደላችሁት” ይላል። እግዚአብሔር የሰውን ክፋት ለመልካም ይጠቀምበታል፤ ክፋቱን ግን አልሠራውም። ዮሴፍ ለወንድሞቹ የተናገረውም ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ የተመረጥሁ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ወደ ስውሩ ውሳኔ በመውጣት አታውቂውም። በዚህ ነገር ካልቪን ራሱ፣ ጨካኝ ነው የሚባለው ካልቪን፣ ምርጫችንን የምናይበት መስታወት ክርስቶስ ነው ብሏል። ወደ እርሱ የመጣን ከቶ ወደ ውጭ እንደማያወጣ በዮሐንስ 6፥37 ተናግሯልና መጠየቅ ያለብሽ “ተመርጫለሁን?” ብለሽ ሳይሆን “ወደ እርሱ መጥቻለሁን?” ብለሽ ነው።

ጥያቄ (ከአንድ አባት)፦ ባለቤቴ ታማለች። ሁሉ ከተወሰነ ጸሎቱስ ሕክምናውስ ለምን?

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ቶማስ አኩዊናስ የምንጸልየው የእግዚአብሔርን ውሳኔ ለመለወጥ ሳይሆን፣ በጸሎት እንዲሰጥ የወሰነውን ለመቀበል ነው ይላል፤ ውሳኔው ፍጻሜውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ይጨምራልና። በኢሳይያስ 38 ነቢዩ ለንጉሥ ሕዝቅያስ “ትሞታለህ” አለው፤ ንጉሡ አልቅሶ ጸለየና 15 ዓመት ተጨመረለት። ያን የእግዚአብሔር ቃል ያመጣው ኢሳይያስ ራሱ ደግሞ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ።