የአሮጌዋ ቮልስ የቫልቭ ድምፅ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከአባቴ የተረከብኳት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ባለ 1300 ቮልስዋገን አለችኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሞተሯ በግራ በኩል ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ነዳጅ ስሰጣት ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። አንድ መካኒክ «ታፔቱ ዘይት አልያዘም፣ ወፈር ያለ ዘይት ጨምርባት» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ታፔቶቹ ወጥተው በቤንዚን ይታጠቡ ይላል። የትኛውን ልቀበል?
(አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ምክሮች ለሌላ ዓይነት ሞተር የሚሆኑ ናቸው። ታፔት ማለት ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ ሲዞር እየተገፋ ቫልቮቹን (የሲሊንደሩን የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በሮች) የሚያስከፍት ብረት ነው። ሃይድሮሊክ የሚባለው ታፔት በውስጡ አነስተኛ ፒስተንና ስፕሪንግ ስላለው ከእርሱ እስከ ቫልቩ ባሉት ክፍሎች መካከል የሚቀረውን ክፍተት በዘይት ግፊት ራሱ ይሞላል፤ ዘይቱ ሲቆሽሽ ወይም ሲጎድል ይንኳኳል፤ ማጠብም ሆነ ዘይት መቀየር የሚጠቅመው እርሱን ነው። የእርስዎ ቮልስ ታፔት ግን ድፍን ብረት ስለሆነ ክፍተቱ የሚስተካከለው በእጅ ሬጂስትሮ ሲደረግ (ቡሎኑ ጠብቆ ወይም ላልቶ ሲስተካከል) ብቻ ነው። ወፍራም ዘይት ድምፁን ጥቂት ቢያፍነው እንኳ፣ በማርቆስ ብርድ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ሮከሮቹ (ቫልቮቹን ተጭነው ወደሚከፍቱት ክንዶች) ለመድረስ ይዘገያል። ታፔቶቹን ማውጣት ደግሞ በዚህ ሞተር ላይ አካሉን ለሁለት መክፈት ማለት ነውና በዚህ መጀመር አይገባም።

መጀመሪያ ክፍተቱን ይለኩ። ሞተሩ አድሮ ፈጽሞ የቀዘቀዘ ይሁን። የዲስትሪቢዩተሩን (የእሳት ማከፋፈያውን) ክዳን አንሥተው ፑሊውን (ቺንጊያው የሚዞርበትን መንኮራኩር) ሲያዞሩ፣ በውስጡ የሚዞረው ሮተር በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ካለችው ጭረት ትይዩ ሲቆም የአንደኛው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል፤ እርሱም ወደ ፊት ዞረው ሲቀመጡ በቀኝ በኩል ካሉት የፊተኛው ነው። 0.15 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ (ስስ የብረት መለኪያ) በቫልቩና በሬጂስትሮ ቡሎኑ መካከል ጥቂት ያዝ እያደረገ ማለፍ አለበት። በአሮጌ መጽሐፍ 0.10 ተጽፎ ቢያገኙ ኋላ ወደ 0.15 ከፍ መደረጉን ያስታውሱ። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑን ይዞት ሊዞር ስለሚችል ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ። ከዚያ ፑሊውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር እያዞሩ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን በተራ ይሠራሉ። የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መቀየርዎን አይርሱ።

አጥብቄ የምለምንዎት ግን ድምፅ የሚያሰማውን ብቻ አስተካክለው እንዳይተዉ ነው። የሰፋ ክፍተት ይንኳኳል፣ ጉልበትም ይቀንሳል፤ ቶሎ የሚያጠፋው ግን ክፍተቱ ጠብቦ ዝም ያለው ቫልቭ ነው። ቫልቭ ሙቀቱን ለቴስታታው (ቫልቮቹ ለተቀመጡበት የሞተር ራስ) የሚያስተላልፈው በመቀመጫው ላይ በደንብ ሲያርፍ በመሆኑ፣ ክፍተት ያጣ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሳይገጥም ስለሚቀር ይቃጠላል። በእርስዎ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ስለቆመ፣ በግራ በኩል ፊተኛው የሆነው ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት የሚወጡ ከሆነ ይህን ቫልቭ ከሁሉ አስቀድመው ይመርምሩት፤ ምርመራውንም በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይድገሙት።

ክፍተቱ ተስተካክሎ ድምፁ ካልጠፋ የቡሎኑን ጫፍ በጣትዎ ይዳስሱ። ተበልቶ ጎድጉዶ ከሆነ ፊለር ጌጁ ጉድጓዱን ተሻግሮ ስለሚያርፍ 0.15 ነው ቢልም እውነተኛው ክፍተት ከዚያ ይሰፋል፤ መድኃኒቱም ቡሎኑን መቀየር ነው። ማርሚታው ከቴስታታው በሚገጥምበት ቦታ ጭስ ካመለጠም ድምፁ ከቫልቭ ጋር በጣም ይመሳሰላልና ጥቀርሻ መኖሩን ይመልከቱ። በመጨረሻም 2.5 ሊትሩን ዘይት ሲቀይሩ ከሥር ያለውን ወንፊት አውጥተው በብርሃን ይዩት፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ የካምሻፍቱ ወይም የታፔቱ ፊት እየተበላ ሊሆን ስለሚችል፣ ሞተሩን ማስከፈት የሚገባው ያን ጊዜ ነው።