መልስ፦ ከዊልቸር ተነስታ ከሄደች እያስመሰለች ነው?
እህቴ፣ «ጎረቤቴ በዊልቸር ነው የምትሄደው፤ ትናንት ግን ደረጃ ስትወጣ አየኋት፣ እያስመሰለች ይሆን?» ላልሽው፦ እሱን ብቻ አይተሽ እንደዚያ ማለት አትችዪም። ዊልቸር የያዘ ሁሉ እግሩ ጨርሶ አይንቀሳቀስም ያለው ማን ነው?

እኔ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚጎዳ በሽታ አለብኝ። ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ይዤ እሄዳለሁ፤ ታክሲ ተራ ድረስ ግን አልችልም። ሙቀት ሲሆን ይብሳል፤ የነርቭ ሽፋኑ ስለተጎዳ ሰውነቴ ትንሽ ሲግል እንኳ እግሬ አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ ጠዋት በእግሬ ያየኝ ሰው ከሰዓት በዊልቸር ያገኘኛል። በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው ሰውም ስንት ዓመት በክራንች ከሄደ በኋላ ጡንቻው እንደገና ሊደክም ይችላል፤ ለረጅም መንገድ ዊልቸር ቢይዝ አቅሙን እየቆጠበ ነው።

አንዴ ጠበል ቦታ ጆግ ለማንሳት ብድግ ስል አንዲት እናት እልልታቸውን አቀለጡት። ተመልሼ ስቀመጥ ፊታቸው እንዴት እንደጠቆረ! (እኔም አፈርኩ፣ ምን አጥፍቼ እንደሆነ እንጃ።)

ጎረቤትሽን ደረጃው ላይ ስታገኚያት «ወንበሩን ላውጣልሽ?» በያት።